ዳገት ላይ ብቻ የሚበራ መብራት

ባለቤቴ በሞተ በሁለተኛው ወር በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ የሞተር ቅርጽ ያለው ቢጫ መብራት በራ። በዚያ ሰሞን የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ምን እንደሚለኝ እየጨነቀው ስለ አየሩ ጠባይ ያወራልኝ ነበር። መኪናዋ ግን ይሉኝታ የላትም፤ አቤቱታዋን በቀጥታ አቀረበች።

መኪናዋን «ጣውንቴ» የምላት ባለቤቴ በሕይወት እያለም ነው። ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ቱርቦ ያላት መኪና ናት። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈኗን ከፍቶ ከሷ ጋር ይውል ነበር፤ እኔ ደግሞ የተማሪዎቼን የፊዚክስ ፈተና ሳርም እውላለሁ። ቱርቦ ምን እንደሆነ ሳልጠይቀው አስረድቶኛል፦ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ ፋን ያዞራል፤ ፋኗም አየር እየጨመቀች መልሳ ለሞተሩ ትሰጠዋለች። «የሌላው ሰው መኪና አየር ይስባል፤ የኛ ግን ትጎርሳለች» ይል ነበር። እሱ ሲሞት ሁለት ጣውንቶች ብቻችንን ቀረን። ጣውንቶች የሚጣሉበት ሰው ሲሄድባቸው ወይ ይለያያሉ፣ ወይ ይላመዳሉ። እኛ ገና አልወሰንንም ነበር።

እሱ ቁመቱ ረጅም ነበር፤ የኔ አይደለም። መቀመጫውን ወደ ፊት የሚያመጣው ማንሻ ጠንካራ ስለሆነ ከጀርባዬ ወፍራም ትራስ አድርጌ ነው የምነዳው። ማንሻውን ሞክሬው አላውቅም፤ ጠንካራ መሆኑ ግን ከሩቁ ያስታውቃል።

መብራቱ እንደ በራ መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈሩ ሁሉ «ፕሮፌሰር» ወደሚለው መካኒክ ነው። ማዕረጉን ያገኘው ማንኛውንም መልስ «በመሠረቱ» ብሎ ስለሚጀምር ነው።

«በመሠረቱ ካንዴላዎቿ ናቸው» አለኝ፣ ኮፈኑን ሳይከፍት።

«እንዴት አወቅህ?»

«እትዬ፣ በዚህ ሥራ ላይ ስንት ዓመቴ ነው?»

ይህ ለጥያቄዬ መልስ አልነበረም። ተማሪዎቼም ያልገባቸውን ጥያቄ የሚመልሱት እንዲህ ስለሆነ ግን ለምጄዋለሁ። ካንዴላዎቹ ተቀየሩ፤ መብራቱም ጠፋ። ፕሮፌሰሩ በጋራዡ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ መንገድ እስከ አደባባዩ ነድቶ ተመለሰና ቁልፉን እንደ ዲፕሎማ በሁለት እጁ አስረከበኝ። ቤቴ ሳልደርስ በራ።

በማግስቱ ስመለስ አልደነገጠም። ከኪሱ ጥቁር ፕላስተር አወጣ። «እንግዲያውስ እቺን ላዩ ላይ እንለጥፍበት። ካላዩት አያሳስብዎትም።»

ባለቤቴ የደረት ሕመሙን ያከመው በዚሁ ዘዴ ስለነበር ውጤቱን አውቀዋለሁ። ፕላስተሩን መለስኩለት።

ሁለተኛው መካኒክ «ዶክተር» ነው የሚባለው፤ ነጭ ጋዋን ይለብሳል። ከመሪው ሥር አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ይሰካና ግንባሩን ቋጥሮ ይጠብቃል።

«ቲቸር፣ አየር አንሷል ይላል።»

«አየሩ የት ሄደ?»

«እሱን አይልም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«የኦክስጅን ሴንሰሩን እንቀይረዋ።»

በሌላ አነጋገር፣ ሌባ ገባ ብሎ የጮኸውን ዘበኛ እናባርር ማለቱ ነው። ዘበኛው ተባረረ። አዲሱ በሁለተኛው ቀን ያንኑ ጩኸት ጮኸ። ከዚያ የአየር መለኪያው ተቀየረ። ከዚያ ባትሪው፤ ምክንያቱን አልነገረኝም፣ ባትሪው ግን አጠገብ ነበር።

ሁለቱም ምሁራን የሚጋሩት አንድ ልማድ ነበራቸው። ሥራቸውን ሲጨርሱ ሞተሩ ስለ ራሱ የመዘገበውን ማህደር በሙሉ ያጠፉታል። ስለዚህ መብራቱ ይጠፋል፤ መኪናዋም ለሚቀጥለው መካኒክ የምትቀርበው ዛሬ ጠዋት እንደ ተወለደች ሆና ነው። በሰባት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ተወለደች።

በዚህ መሀል ዋርሳዬ መጡ። ዋርሳዬ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። መኪናዋን ወንድማማቾቹ አብረው ነው የገዟት፤ የባለቤትነት ደብተሩ በታላቅየው ስም ነው የወጣው። ባለቤቴ እያለ ይህ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ዋርሳዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚቆጣጠሩት ስላጡ እኔን ይቆጣጠራሉ።

«ይቺ መኪና አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላሽ ትቀራለች» አሉኝ።

«እስካሁን ጥላኝ አታውቅም፣ ጋሼ።»

«መብራት በከንቱ አይበራም። ገዢ አግኝቼላታለሁ። አዲስ ባይሆንም ጤነኛ የሆነች ትንሽ መኪና እንፈልግልሻለን። ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ለአንቺው ብዬ ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው ሲመለስ ባዶ እጁን አይመለስም። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም።

«ዓመታዊ ምርመራውን ካለፈችስ?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ካለፈች ያንቺ ትሁን። በስምሽ አዞርልሻለሁ። ካላለፈች ግን ክርክር የለም፤ ትሸጣለች።»

ተጨባበጥን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ዋርሳዬ አልናቁኝም፤ አጥሩን ግን ነቅነቅ አድርገው ሊያዩት ፈለጉ።

የምርመራው ቀን ጠዋት ዶክተሩ ማህደሩን አጠፋልኝና መብራቱ ሳይበራ በሜዳ መንገድ ወደ ምርመራ ጣቢያው ነዳሁ። ተቀባይዋ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የሰካች ወጣት ሴት ናት። ገመዷን ሰካች፤ ስክሪኗን አየች፤ ቀጥሎ እኔን አየች።

«ማህደሩ ባዶ ነው» አለች።

«ንጹሕ ነው ማለት ነው?»

«ባዶ ነው ማለት ነው፣ እናቴ። ዛሬ ጠዋት ነው የጠፋው። ሞተሩ ራሱን ገና አልፈተሸም። ምንም ሳያጠፉ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ይምጡ። ሁለት ሳምንት አለዎት፤ ከዚያ በኋላ ውድቅ ነው።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚኮርጁ ተማሪዎችን ወረቀት እየነጠቅሁ ኖሬአለሁ። ልጅቷ ያሳየችኝ ፊት የኔ ፊት ነበር። ይዤው ስዞር ከወዲያ በኩል ምን እንደሚመስል አይቼው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ሁለት ሳምንት ነበረኝ። ፕሮፌሰሩና ዶክተሩ ያላደረጉትን አንድ ነገር ለማድረግ ወሰንኩ፦ መመዝገብ። አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን ካላወቅህ መቼ እንደሚሆን ጻፍ ብዬ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ሳስተምር ኖሬ ለራሴ ግን ሰባት ወር አልታየኝም። አንድ የሒሳብ ደብተር መቀመጫው አጠገብ አስቀመጥኩ። መብራቱ አንዴ ከበራ ራሱ ስለማይጠፋ በበራ ቁጥር ማህደሩ እንዲጠፋ የባትሪውን ሽቦ ነቅዬ እመልሰዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና እነዳለሁ።

በስድስት ቀን ዘጠኝ ጊዜ በራ። ዘጠኙም ጊዜ ወደ ቤቴ በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። ከውሃ ታንከሩ በላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በታች፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ጠበቅ አድርጌ ስረግጥ። ሜዳ ላይ አንድም ጊዜ አልበራም። ሜዳ ላይ ጣውንቴ ቅድስት ናት።

ደብተሩን ለዶክተሩ ወሰድኩለት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ሳቀ።

«ቲቸር፣ ይሄ የተማሪ ሥራ ነው። መኪና በደብተር አይሠራም።»

«ዳገቱን አንድ ጊዜ አብረን እንውጣው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

«ጋራዡን ለማን ጥዬ?»

ጋራዡ ውስጥ የነበርነው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። እኔን ለማን ጥሎ እንደሚሄድ የጨነቀው ይመስላል። አመስግኜው ወጣሁ።

ከዳገቱ ሥር አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። ባለቤቱ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ጎማ ከመጠገን ሌላ ምንም ሠርተው የማያውቁ ሰው ናቸው። የኋላ ጎማዬ ቀስ እያለ አየር ስለሚቀንስና ለምርመራው መስተካከል ስላለበት እሳቸው ዘንድ ቆምኩ። ጎማውን ፈትተው በአየር ሞሉትና በትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ እያዞሩ ነከሩት። አንድ ቦታ ላይ ደቃቅ አረፋ ተከታትሎ ወጣ።

«ይኸው ነገረችን» አሉ።

ገንዳውን ትክ ብዬ አየሁት። አየር አንሷል፤ በየት እንደሚወጣ ግን አይልም። ዳገት ላይ ቱርቦው አየሩን ሲጨምቀው ብቻ በሆነ ቀዳዳ ያመልጣል። ሜዳ ላይ የለም። ነገሩ ሁሉ ለሰባት ወር አፍንጫዬ ሥር የነበረ ቀላል ፊዚክስ ነው። ተማሪ ቢሆን በዜሮ እሸኘው ነበር።

«አባባ፣ ሞተር እንዲህ መፈተሽ ይቻላል?»

«ልጄ፣ ነፋስ የያዘ ነገር ሁሉ የኔ ሥራ ነው። ሞተር ግን እንዴት አድርገሽ ነው ገንዳ ውስጥ የምትነክሪው?»

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ «ልጄ» የሚለኝ ሰው አልቀረኝም ነበር። «እሷን ወደ ውሃው ካልወሰድን፣ ውሃውን ወደሷ እንውሰደው።»

ጎሚስታው ጎማውን ከገንዳው አውጥተው አስቀመጡ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋን አዩአት። «እስቲ ክፈቻት።»

ነገሩን አብረን ነው የሠራነው። የአየር ማጣሪያውን አወጣን። አየር የሚገባበትን አፍ በቀለም ቆርቆሮ ክዳንና በአሮጌ የጎማ ቁራጭ ደፈኑት፤ ክዳኑን በስተው የጎማ ቫልቭ ተከሉበት። ከዚያ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ያዙ።

«ስንት ልስጣት?»

«ጥቂት። ከብስክሌት ጎማ ያነሰ።»

«ታዲያ ይሄ አየር ይባላል? ትንፋሽ በይው።»

ትንፋሹን ሰጧት። እኔ በአንድ እጄ በፕላስቲክ ሳህን የሳሙና ውሃ፣ በሌላ እጄ የቀለም ብሩሽ ይዤ እያንዳንዱን ቱቦና መገጣጠሚያ ስቀባ ቆየሁ። የሚያልፉ ሰዎች መኪና በሳሙና ከውስጥ የምታጥብ ሴት አይተው ቆም ይሉ ነበር። አንዱ «እትዬ፣ ከውጭ ይጀምሩ እንጂ» አለኝ። ከውጭ ጀምሬ ነበር፤ ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ትልልቆቹ ቱቦዎች ምንም አላሉም። ከሞተሩ ጀርባ የፕላስቲክ ሽፋን አለ። እሱን ስናነሣ ከሥሩ እንደ ጣት የቀጠነች ጥቁር ቱቦ ታየች። ብሩሹን አስነካኋት። አረፋው ተነፋ፤ ፈነዳ፤ እንደገና ተነፋ።

«ይኸው ነገረችን» አሉ ጎሚስታው ቀስ ብለው።

ቱቦዋ ያፈሰሰችበት ቦታ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ጥቅልሉ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን እኩል በእኩል ይዞ ስለሚሄድ ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው። መካኒኮቹ አይተውት ከሆነም ያለፉት ለዚህ ነው።

«ይሄን የጠቀለለ ሰው እጁ ንጹሕ ነው» አሉ ጎሚስታው። «መካኒክ አይደለም። መካኒክ እንዲህ አይጨነቅም።»

ፈቱት። ቱቦዋ ከመሀሏ ተቆርጣ ሁለቱ ጫፎች በአንድ ነገር ተቀጣጥለዋል። የቀለም ማስገቢያው የወጣለት የእስክሪብቶ ቀፎ ነው። ቀይ። ከሙቀቱ ብዛት ደርቆ በቁመቱ ተሰንጥቋል። ጎሚስታው ወደ ብርሃን አቅርበው አገላበጡት።

«አይጥ ነክሶታል መሰለኝ። ጥርስ አለበት።»

«የኔ ጥርስ ነው» አልኩ።

ፈተና ሳርም እስክሪብቶ እነክሳለሁ። ከፊት ጥርሶቼ አንዱ ጫፉ የተሸረፈ ስለሆነ የሚተወው ምልክት የሌላ የማንም አይደለም። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ በፈተና ሰሞን አንድ ቀይ እስክሪብቶ ጠፍቶብኝ ቤቱን አገለባበጥኩት። ለእጄ የተስማማ፣ ከሌላው ሁሉ የምመርጠው ነበር። ባለቤቴን ጠየቅሁት። አላየሁም አለኝ። እንዲያውም ሶፋውን ብቻውን አንሥቶ አብሮኝ ፈልጓል። በዚያው ሳምንት «መኪናዋን ጋራዥ ወስጄ አሠራኋት፤ ጎበዝ መካኒክ ነው ያገኘሁት» ብሎኛል። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። «ጎበዙ መካኒክ» ከሞተ በኋላ ሥራው ሁለት ወር ቆይቷል።

ጎሚስታው ፊቴን አዩና ወደ ኮምፕሬሰሩ ዞረው ማስተካከል ጀመሩ። ኮምፕሬሰሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ሲመለሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቆረጠች አዲስ ቱቦ ገጠሙልኝ። የኋላ ጎማዬንም ጨረሱት። ከዚያ ቀፎውን በሁለት ጣታቸው ይዘው «ልጣለው?» አሉኝ።

«አይ። አርምበታለሁ።»

«ቀለም የለውም እኮ፣ ልጄ።»

«ተማሪዎቼም መልስ የላቸውም።»

ከዚያ ወዲያ የባትሪውን ሽቦ አልነካሁም። ሁለት መቶውን ኪሎ ሜትር የሞላሁት አብዛኛውን በዚያው ዳገት ላይ ነው፤ ከጎሚስታው ቤት እስከ ሰፈሬ፣ ከሰፈሬ እስከ ጎሚስታው ቤት፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ረግጬ። ፋኗ ስታፏጭ ይሰማኛል። ጣውንቴ ትጎርሳለች። በአራተኛው ቀን የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ በር ላይ ወጥታ «የጠፋብዎት ነገር አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ተገኝቷል፣ አመሰግናለሁ» አልኳት።

መብራቱ አልበራም። ከውሃ ታንከሩ በላይ ስደርስ ዓይኔ ራሱ ወደ ዳሽቦርዱ ይወርዳል፤ እዚያ ምንም የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ሰባት ወር ሙሉ በዚያ ዳገት ላይ የምቆጣበት ነገር ነበረኝ። አሁን መንገዱን ዝም ብዬ ነው የምወጣው።

ባለ እርሳሷ ልጅ ገመዷን ሰካች። በዚህ ጊዜ ስክሪኑን ረዘም አድርጋ አየችው።

«ምን አደረጓት?»

«አጠብኳት» አልኩ።

ማኅተሙን መታችልኝ።

ቤቴ ስደርስ ዋርሳዬ በር ላይ ቆመዋል። ቀኑ የመጨረሻው ቀን መሆኑን ያውቃሉ፤ ገዢውንም ይዘው ነው የመጡት። ገዢው መኪናዋ ገና ሳትቆም ጎማዎቿን በዓይኑ መመርመር ጀመረ። ወርጄ ወረቀቱን ለዋርሳዬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው፣ በመጋዘን ዘመናቸው ዕቃ እንደሚረከቡት ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«በመጨረሻ ምን ሆኖ ተገኘ?»

«እስክሪብቶ።»

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም፣ ጋሼ። የኔ እስክሪብቶ ነው። ወንድምዎ ነው የገጠመው።»

ገዢው ሳቀ፤ ዋርሳዬ አልሳቁም፤ አላመኑኝም። «ቆይ እስቲ፣ እኔው ራሴ ልያት» አሉና የሾፌሩን በር ከፈቱ። ትራሱን በአንድ እጃቸው አንሥተው ገቡ። ሌላው እጃቸው ወደ መቀመጫው ማንሻ ወረደ።

«እሱን አይንኩት።»

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ገዢው ዞሮ አየኝ።

ማንሻውን መንካት ግን አላስፈለጋቸውም። ወንድማማቾቹ እኩል ቁመት ነበራቸው። እግራቸው ፔዳሉ ላይ ልክ ደረሰ፤ ክንዳቸው መሪው ላይ ልክ አረፈ። ዋርሳዬ ትራሱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቁጭ አሉ። ሞተሩን አላስነሡም። መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ ሰው አንድ ዕቃ ከቦታው አለመነሣቱን ለማወቅ መዝገብ አያስፈልገውም።

ገዢው በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። «እሺ ጋሼ፣ እንዴት ናት?»

«ዳገት ላይ ታስቸግራለች» አሉት። «ላንተ አትሆንም።»

ገዢው ሲሄድ ዋርሳዬ ቀስ ብለው ወረዱ። ትራሱን አራገፉና በነበረበት ቦታ መልሰው አስደገፉት፤ ትንሽ ቀና አደረጉት።

«ወገብሽን ይጎዳሻል ይሄ» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

«ማንሻው ጠንካራ ነው» አልኩ።

በሩን ዘጉት። «አዎ» አሉ። «ድሮም ጠንካራ ነበር።»